ስሞቹ እስኪያልቁ

ፌሊሳ ጥቁር ከለበሰች ዓመት ሊሞላት ነው። ቅዳሜ ለባሏ ለሩፔርቶ ቅዳሴ ይቀደሳል፤ ከዚያ ጥቁሩን አውልቃ አበባ ያለባትን ቀሚሷን ትለብሳለች፣ ጎረቤት ተጠርቶ ይበላል፣ ሐዘኑም ያበቃል። ማሪኪና ከተማ ውስጥ በእነሱ ሰፈር ወጉ ይኸው ነው። እሷን እንቅልፍ የነሳት ከወጉ በኋላ የሚመጣው ነው። ዓመቱን ሙሉ ሁለቱ ልጆቿ አንድ ቤት ይገቡ የነበሩት ሐዘኑ ግድ ብሏቸው ነው። ለጸሎት ይመጣሉ፤ አንዱ በሩ ጋ፣ አንዷ ጓዳው ጋ ይቀመጣሉ፤ አሜን ብለው በየፊናቸው ይሄዳሉ። ሐዘኑ ካበቃስ ምን ያመጣቸዋል?

«ጌታዬ፣ ባሌን ወሰድክ፣ ፈቃድህ ይሁን» ትላለች መቁጠሪያዋን ይዛ። «ልጆቼን ግን እንዳትበትንብኝ።»

የተጣሉት በፊልም ነው። ሰው ቢሰማ ይስቃል። እሷንም ሊያስቃት ይገባ ነበር፣ ግን አልሳቀችም።

ትልቁ አርኔል የሞባይል ጠጋኝ ነው። የሚወደው የጀግና ፊልም ነው፤ ካባ ለብሰው የሚበሩትን፣ ሕንፃ በትከሻቸው የሚደግፉትን። ሮዌና ፋርማሲ ነው የምትሠራው፤ የእሷ ደግሞ የጠፈር ፊልም ነው፣ ሰው በመርከብ ሆኖ ዓመት ሙሉ ጨለማ ውስጥ የሚጓዝበት። በልጅነታቸው በዚህ ሲነታረኩ ቤቱ ይደምቅ ነበር። እሷ የእሱን ፊልም ሙታንታውን ከሱሪው በላይ ያጠለቀ ጎልማሳ የሚጮህበት ትለዋለች። እሱ የእሷን ሁለት ሰዓት ሙሉ መስኮት ጋ ተቀምጦ የሚያለቅስ ሰውዬ ይለዋል። አባታቸው ጂፕኒ የሚሉትን የሕዝብ ማመላለሻ ነጂ ነበር፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መኪናውን ያቆምና አንድ ጊዜ ከልጁ ጋር፣ አንድ ጊዜ ከልጅቷ ጋር ሲኒማ ይገባል። የቱን እንደሚወድ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ፌሊሳም አልጠየቀችም። እሷ አንድ ቀን አብራ ገብታ ገና መብራቱ ሲጠፋ እንቅልፍ ወስዷት ቀርታለች።

ነገሩ የተበላሸው አስከሬኑ ቤት ባደረ ጊዜ ነው። አርኔል ትንሽዬ የጀግና አሻንጉሊት አምጥቶ ሬሳ ሣጥኑ ውስጥ፣ ከመቁጠሪያው አጠገብ ሸጎጣት። ሮዌና አየቻትና አወጣቻት። አባቴ ሕፃን ነው እንዴ፣ በጌታ ፊት መጫወቻ ይዞ የሚቀርበው አለች፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ። አርኔልም ያን ቀን አፉን አልሰበሰበም፤ አባቴን ከእኔ በላይ የምታውቀው መሰላት፣ በእሷ ፊልም ለይሉኝታ ሲል ነበር የሚቀመጥላት አለ። ከዚያ ወዲህ ሮዌና ወንድሟን «ኩያ»፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ማለት ተወች። ታናሽ ታላቁን በባዶ ስሙ አይጠራም፤ እሷ ግን እንደ መንገደኛ «አርኔል» ትለዋለች። ፌሊሳ ይህን በሰማች ቁጥር መቁጠሪያዋን ታነሣለች።

አሁን ደግሞ የሩፔርቶ አደራ አለ። ታሞ ሳለ፣ ዓመቴን በጸሎት ብቻ እንዳታወጡልኝ፣ ቅርጫት ኳስ ሜዳው ላይ አንሶላ ስቀሉና ለሰፈሩ ፊልም አሳዩልኝ ብሎ ነበር። እየሳቀ ነው ያለው። የቱን ፊልም እንደሆነ ግን ሳይናገር ሄደ።

ሳምንቱ ሲገባ መጀመሪያ የመጣችው ሮዌና ናት። እናቷ ለድግሱ ኑድል፣ ለፓንሲቱ፣ ካሮት ስትከትፍ እሷም ቢላ አንስታ ተቀመጠች። ከአባቷ ጋር ሲኒማ የገባችበትን የመጨረሻውን ጊዜ ነገረቻት። ፊልሙ አልቆ የሠሩት ሰዎች ስሞች መውረድ ሲጀምሩ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ወጣ። አባቷ አልተነሣም። አዳራሹ ባዶ ሆነ፣ ጠራጊው መጥረጊያውን ይዞ ገባ፣ እሱ ዓይኑን ከመጋረጃው አልነቀለም።

«አባን እንደዚያ ሆኖ ያየሁት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻ ነው፣ እማ» አለች። «ላናግረው እንኳ ፈራሁ። እሱ ነው የእሱ ፊልም።»

የፌሊሳ ቢላ እጇ ላይ ቆመ። አንድ ነገር ትዝ ብሏት ነበር፤ ግን ወደ ካሮቱ ተመለሰች።

በማግስቱ አርኔል መጣ፣ ሩዝ ተሸክሞ። እሱም የራሱን ይዞ ነው የመጣው። አባቱ ከጀግና ፊልም ሲወጣ መንገዱን ሁሉ ይጠይቀው ነበር አለ። ጀግናው ያን ያህል ከፍ ብሎ ሲበር ምን ይተነፍሳል? የሚያድናትን ልጅ እንደዚያ በፍጥነት ሲያነሣት አንገቷ አይቀጭም?

«ሰው ያልወደደውን ነገር እንዲህ ያስብበታል?» አለ አርኔል። «ቀኑን ሙሉ ሲነዳ ሲያሰላስለው ነበር እኮ።»

እሱ ሲሄድ ፌሊሳ በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። ስሞቹ እስኪያልቁ መጠበቅ የጀግና ፊልም ወዳጆች ልማድ ነው፤ ከስሞቹ ኋላ ቁራጭ ታሪክ ስለምትመጣ አይነሱም። አርኔል አባቱን በእጅጌው ጎትቶ ሲያስቀምጠው፣ «የሚወጡት የማያውቁ ናቸው» ሲለው፣ ሩፔርቶ ራሱ ቤት መጥቶ እየሳቀ ነግሯት ነበር። ታዲያ ሰውዬው የሮዌና ፊልም ላይም ቁራጯን ነበር የሚጠብቀው። ምን ይተነፍሳል የሚለው ደግሞ የሮዌና ነው፤ እራት ላይ አየርና ክብደት እያለች የምታደርቃቸው እሷ ናት። አንዱ ልጅ ያስተማረውን ይዞ ሌላዋ ጋ ይሄድ ነበር ማለት ነው።

ሳቅ መጣባት፤ ወዲያው ደግሞ ፈራች። ሮዌና ያቺን ቀን እንደ ጽላት ይዛታለች። አባትሽ ጸሎት ላይ አልነበረም፣ ተጨማሪ ጠብቆ ነው ብላ እንዴት ትንገራት? በእመቤታችን ሥዕል ፊት ሻማ አበራችና ቆመች። እዚያው አንድ ነገር ታሰባት። የአርኔል ፊልም ከታየ ሮዌና ስሞቹ ሲመጡ ወንበሯን አንስታ ትሄዳለች። የሮዌና ከታየ ግን እሷ አባቷ እንደተቀመጠ ትቀመጣለች፣ አርኔልም ልማዱ አያስነሣውም። ሁለቱ ብቻ ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ ያለው የእግዚአብሔር ነው።

አርኔል የእህቱ ፊልም እንደተመረጠ ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ቢሆንም ፕሮጀክተሩን ከጓደኛው ተውሶ አመጣ፣ አንሶላውንም ራሱ ወጠረው፤ ለአባ ነው፣ ለማንም አይደለም እያለ።

ቅዳሜ ቅዳሴው ተቀደሰ፣ ፌሊሳ አበባማዋን ቀሚስ ለበሰች፣ ሰው በላ ጠጣ። ሲመሽ ሜዳው በፕላስቲክ ወንበር ሞላ። ፊልሙ ግን ለሰፈሩ የሚሆን አልነበረም። ሰውዬው መርከቡ ውስጥ ተቀምጦ ያስባል፣ ያስባል። የሰፈሩ ልጆች ወዲያው ኳስ ፍለጋ ሄዱ። ጎረቤቷ ፑሪንግ ወደ ፌሊሳ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «ይሄ ሰውዬ እዚያ እስኪደርስ ሩዝ ዘርቼ አጭድ ነበር» አለቻት። ሮዌና ፊት ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። አርኔል ኋላ ማሽኑ ጋ ቆሟል።

አለቀና ስሞቹ መውረድ ጀመሩ። ሰው እየተነሣ፣ ነፍስ ይማር እያለ፣ ወንበሩን እያጠፈ ሄደ። ሮዌና አልተነሣችም። አርኔል አንድ ጊዜ አንሶላውን አየ፣ አንድ ጊዜ የእህቱን ጀርባ፤ ከዚያ እጁን ወደ ማጥፊያው ሰደደ።

«ተወው» አለች ፌሊሳ።

«ከዚህ ኋላ ምንም የለም፣ እማ። የእሷ ፊልም ቁራጭ የለውም።»

«አባትህም ጠብቆ አጥቷል።»

ልትለው አልነበረም፤ አመለጣት። ሮዌና ዞረች። ምን ጠብቆ ነው ብላ ጠየቀች። አርኔል ግን ገብቶታል። ማሽኑን ትቶ ቀስ ብሎ ወደ ፊት መጣ።

«እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ ተቀመጥ ያልኩት። ሁሌም ከስሞቹ ኋላ ይመጣል ብዬዋለሁ።»

ፌሊሳ ምነው ምላሴን በቆረጠው አለች በልቧ። ሮዌና ፊቷን ወደ አንሶላው መልሳ፣ የሚወርዱትን ስሞች እያየች እንባዋን በእጇ ጠረገች።

«ስለዚህ እየጸለየ አልነበረም» አለች።

«እንጃ» አለ አርኔል። «ቁራጭ የሚጠብቅ ሰው አይጸልይም ያለሽ ማነው?» አጠገቧ ያለውን ወንበር ሳበና ተቀመጠ። «እኔንም ሲያስለፋኝ ኖሯል። የሚበረው ሰውዬ ምን ይተነፍሳል እያለ።»

«አንተን ጠየቀህ? እኔን ነው እንጂ የሚጠይቀኝ።»

«እኔንም ጠይቆኛል። መልሱን ካንቺ ሰምቶ ይሆናላ፣ እኔን ሊፈትነኝ።»

«ምን አልከው?»

«ትንፋሹን ይይዛል አልኩት።»

ሮዌና ሳቋ ከእንባዋ ጋር ተደባልቆ መጣ። «ኩያ ሙት፣ እንደዚህ ያለ መልስ ለአባ ትሰጣለህ? ያን ያህል ከፍታ ላይ ትንፋሽ መያዝ ያዋጣል?» አለችና ስለ ሳንባ ማስረዳት ጀመረች። እሱም፣ የእሱ ጀግና ሳንባ እንደ እኛ ሳንባ እንዳልሆነ፣ ይህን ደግሞ ሕፃን ልጅ እንኳ እንደሚያውቀው ይሟገታት ጀመር።

ፌሊሳ ኋላ ቆማ ሰማች። «ኩያ» ያለችውን ሰምታለች። ስለ አሻንጉሊቷ ማንም አላነሣም፤ ሁሉም በአንድ ምሽት አይሽርም፣ ያም ቀን ይመጣለታል። መቁጠሪያዋን ከአበባማው ቀሚሷ ኪስ ልታወጣ እጇን ሰደደች፣ ኪስ እንደሌለው ትዝ አላት። አንድ ወንበር ጎትታ ከልጆቿ ጀርባ ተቀመጠች።

ስሞቹ አልቀው አንሶላው ባዶ ነጭ ሆኖ ቀርቶ ነበር። እነሱ አላዩትም፤ ገና እየተከራከሩ ነው።