የዶኛ ቤኔሪታ ትንሽ መስኮት

በኤስፓኞላ ሸለቆ ሞኝ ሞልቷል። የኤሎይን ሞኝነት ልዩ የሚያደርገው ግን በገዛ እጁ፣ በገዛ ኪሱ፣ ላቡን ጠብ አድርጎ የሠራው መሆኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤሎይ ስንት ዓመት ሙሉ ሲቀባት፣ ሲወለውላት፣ ሆዷ መሬት እስኪልስ ዝቅ ሲያደርጋት የኖረችው የሃምሳ አራት ሞዴል ሸቭሮሌት መኪና የእሱ አልነበረችም። የአማቱ የዶኛ ቤኔሪታ ነበረች። ለእሳቸውም ከሟች ባላቸው ከኦኔሲሞ የቀረች ናት። አይነዷትም፣ አይሸጧትም፣ ለማንም አይሰጧትም።

በሳን ኢሲድሮ ቀን ቄሱ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የተሰለፉትን መኪኖች ጠበል እየረጩ ይባርካሉ። ሳን ኢሲድሮ የገበሬ ቅዱስ ነው፤ ዱሮ የሚባረከው እርሻው ነበር። አሁን ከበቆሎው መኪናው ስለበዛ መኪና ይባረካል፣ ቅዱሱም እስካሁን አላጉረመረመም። ቄሱ እያንዳንዷ ጋ ቆም ብለው «ይህች የማን ናት?» ይላሉ። እዚያ ቆሞ የተጠራ ስም አይታጠፍም። ዶኛ ቤኔሪታ በየዓመቱ «የኦኔሲሞ ናት» እያሉ መኖራቸውን አገር ያውቃል።

ዘንድሮ ግን «አርጅቻለሁ፤ የሚወርሳትን ሰው ስም እጠራለሁ» አሉ። ወይ የልጃቸው ባል ኤሎይ ነው፣ ወይ ወንዱ ልጃቸው ፌርሚን። ፌርሚን ደግሞ በማግስቱ እንደሚሸጣት አልደበቀም፤ ከቴክሳስ ለመጣ ገዢ ሁሉ አሳይቷታል።

እንዲህ ባለ ዓመት ሰው እጁን ሰብስቦ ይቀመጣል። ኤሎይ ግን ያቺን መኪና ባየ ቁጥር በሁለቱ የፊት በሮች ጥግ ያሉት፣ እየዞሩ ንፋስ የሚያስገቡት ሦስት ማዕዘን መስኮቶች ዓይኑን ይወጉታል። የበሮቹን የውጭ እጀታዎች ካወለቀ ቆይቷል፤ በሩ ከውጭ የሚከፈተው ከሥር በተደበቀች ማብሪያ፣ በባትሪ ጉልበት ነው። አሁን የቀረው ትንንሾቹን መስኮቶች አውጥቶ በአንድ ወጥ መስታወት መተካት ነው፤ ያኔ የበሩ ጎን እንደተላጨ ጉንጭ ልስልስ ይላል።

«እማዬ አደራ ያለችህ አንድ ነገር ነው» አለችው ሚስቱ ኦርሊንዳ። «መስኮቶቼን እንዳትነካ ብላሃለች።»

«አያዩም እኮ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ድመትና ትራስ አይለዩም።»

«አልበከርኪ እህቷ ጋ የሄደችው ሞራውን ልታስገፍፍ ነው፣ አንተ ሰውዬ።»

«በእሳቸው ዕድሜ ተገፈፈ አልተገፈፈ ምን ለውጥ አለው?»

ሰው መስማት ያልፈለገውን ነገር ጆሮው ሥር ቢነፉለትም አይሰማም። ኤሎይ ጋራዡን ዘግቶ ትንንሾቹን መስኮቶች ከነፍሬማቸው አወለቀ። ትልቁን መስታወት ይዞት የነበረው ዘንግ አብሮ ስለወጣ፣ አዲሱ መስታወት ሁለት ጊዜ በሩ ሆድ ውስጥ ሰምጦ ተሰበረ። በሦስተኛው አዲስ ዘንግ በይዶ አስገባና መስታወቱ እንደ ቅቤ ወጣ ገባ አለ። የወለቁትን መስኮቶች የት አደረጋቸው? የዶሮ ቤቱ ላይ ገጠማቸው። ዶሮዎቹም አየር ያምራቸዋል ይላል።

ዶኛ ቤኔሪታ በበዓሉ ጠዋት ከአልበከርኪ ገቡ። ዓይናቸው ድኖ የዝንብ ጥቅሻ ያያል። ኤሎይ ይህን ሲያውቅ ቸኩሎ የመኪናዋን በር ከፈተላቸው።

ከመሪው ጎን ባለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸው፣ እሳቸው ሳያዩት፣ ወደ በሩ ጥግ ሄደ፤ ጣታቸው ለስላሳ መስታወት ላይ ተንሸራቶ ቆመ። ምንም አላሉም። ኤሎይ አማቱ ሲሰድቡት ኖሯል፣ ለምዶታል፤ ዝም ማለታቸውን ግን አያውቅበትም።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲደርሱ ሕዝቡ ተቀበላቸው። «አስዘልላት፣ ኤሎይ!» አለ አንዱ። የፈራ ሰው ጉራ ይነዛል፤ ኤሎይም መኪናዋን ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ፓምፕ ማብሪያ እየነካካ ሸቭሮሌቷን እንደ ፍየል አስዘለላት። ዶኛ ቤኔሪታ ውስጥ ሆነው ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ፊታቸውን ሳያጨማድዱ፣ ወደ ላይ ወደ ታች አሉ። ፓምፑ፣ ሞተሩና በሩ የሚጠቡት አንድ ባትሪ ነበር። አንድ አይበቃም ያላለው ሰው የለም፣ ኤሎይም ያልናቀው የለም።

ሊጨብጡት የመጡትን ሊጨብጥ ወረደ፣ በሩም ከኋላው ተዘጋ። ሲመለስ ማብሪያዋን ተጫነ፤ ዝም። ደግሞ ተጫነ፤ ዝም። ዶኛ ቤኔሪታ ቀስ ብለው መዘውሩን እያዞሩ መስታወታቸውን እስከ ላይ ዘጉት፤ የኤሎይ በኩል ቀድሞም ዝግ ነበር። ቄሱ ከሰልፉ ጫፍ መባረክ ጀምረዋል።

«ምን ያስጨንቅሃል?» አለ ፌርሚን፣ ጥርሱ ሁሉ ወጥቶ። «እንደ ዱሮው ትንሿን መስኮት ገፋ አድርገህ እጅህን አስገባ። ውይ፣ ለካ አውጥተሃታል።»

ሰዉ ሳቀ። እውነትም ሸለቆው ውስጥ ቁልፉን ውስጥ ረስቶ የቆለፈ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነበር። ኤሎይ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ምን እንደሆነ ገባው። በእሳቸው በኩል ዞሮ መስታወቱን በጣቱ አንኳኳ።

«እማማ፣ ይክፈቱልኝ። ከውስጥ እጀታ አለው።»

መስታወቱ አንድ ጣት ያህል ወረደ።

«ማነህ?»

«ኤሎይ ነኝ።»

«የትኛው ኤሎይ?»

«የልጅዎ ባል።»

«እሱማ ሌባ ነው አሉ። ዓይኗ ከታመመ አሮጊት ይሰርቃል።»

«እማማ፣ ሙቀቱ ይጎዳዎታል።»

«ይሞቀኛል እንዴ? ዱሮ መስኮት ነበረኝ፤ ያኔ አይሞቀኝም ነበር።» ላባቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «ኦኔሲሞ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜ ልኩን እወድሻለሁ ብሎኝ አያውቅም። ግትር በቅሎ ነበር። ግን ከመግባቴ በፊት ጎንበስ ብሎ ይቺን መስኮት ወደ ፊቴ ያዞራት ነበር። እሱ በላብ ተነክሮ እየነዳ፣ ንፋሱ ለእኔ። ሁልጊዜ።»

ኤሎይ አፈረ፤ ከሕዝቡም ይልቅ ሟቹን አፈረ።

«ባውቅ ኖሮ እኮ...»

«ጠየቅከኝ?»

አልጠየቀም። ቄሱ ሦስት መኪና ቀርቷቸዋል። ያኔ ኦርሊንዳ ከወንድሟ ፒካፕ አንድ ነገር በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች መጣች። ከዶሮ ቤቱ ጠዋት ነቅላ የመጣችው የቀኙ መስኮት ነው፤ የዶሮው ኩስ ገና አልለቀቀም። ለባሏ አቀበለችው።

ኤሎይ ፍሬሙን በሁለት እጁ ይዞ ተንበረከከ። ጉልበቱ በጠበል በራሰው ጭቃ ውስጥ ገባ።

«መልሼ እገጥማታለሁ» አለ። «የማንንም ስም ቢጠሩ፣ እገጥማታለሁ።»

ዶኛ ቤኔሪታ አዩት። ከዚያ የውስጡን እጀታ ሳቡ፣ መስኮቷን ተቀበሉና ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። ኤሎይ በእሳቸው በኩል፣ እግራቸውን እየረገጠና ይቅርታ እየጠየቀ፣ ወደ መሪው ተሳበ። ቄሱ ደረሱ።

«ይህች የማን ናት?»

ፌርሚን ቀረብ አለ። ዶኛ ቤኔሪታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የኤሎይ ናት» አሉ። «መስኮቶቹ ሲቀሩ። እነሱ የእኔ ናቸው።»

ጠበሉ ተረጨ። ኤሎይ አለቀሰ፤ ጠበል ነው ብሎ ሊያመካኝ ሞከረ፣ ማንም አላመነውም። ባትሪው ስለሞተ መኪናዋ በሰው ትገፋ ተባለ፤ ገፊዎቹ ሲቆጠሩ ደግሞ ከሁሉም ጉልበታም ፌርሚን ሆነ። እየተሳደበ ትከሻውን ሰጠ።

ከቤተ ክርስቲያኑ በታች መንገዱ ቁልቁለት ነው። ሸቭሮሌቷ ያለ ሞተር መንደርደር ስትጀምር ዶኛ ቤኔሪታ ትልቁን መስታወት እስከ ታች አወረዱ። ትንሿን መስኮት በሁለት እጃቸው አንስተው በሩ ጥግ፣ በድሮ ቦታዋ ላይ ያዟት። ንፋሱ መጣ። ጥቂት ጊዜ ዓይናቸውን ጨፍነው ፊታቸው ላይ አስመቱት።

ከዚያ የኤሎይን ፊት አዩ፤ ላቡ ከአገጩ ላይ ይንጠባጠባል። መስኮቷን ወደ እሱ አዞሯት። ንፋሱ ቀዝቃዛ ነበር፣ የዶሮ ኩስም ይሸት ነበር፤ ኤሎይ እስከ ቁልቁለቱ መጨረሻ ፊቱን አላዞረም።