በማን ክርን ልክ

መኪናው ከተሸጠ ወዲህ ጋራዡ የቤቱ ጉሮሮ ሆኖ ነበር፤ የማይሠራ ፍሪጅ፣ እግሩ የተሰበረ አልጋ፣ ማንም ልጣለው የማይለው ጆንያ ሁሉ እዚያ ይገባል። ያን ሁሉ እየጎተተች ያወጣችው እሷ ናት። ወለሉ ላይ የደረቀውን ዘይት በሰጋቱራ ፈትጋለች። ኤሌክትሪክ ሠራተኛውንም የብየዳ ማሽን የሚችል ወፍራም ገመድ እስኪዘረጋላት ድረስ በር ላይ ቆማ አላስወጣ ብላዋለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሰው ወርክሾፕ ብረት ሞርዳ፣ አሁን የራሷ ሊኖራት ነው። ባልደረቦቿ «ሞረድ» የሚሏት ለእጇ ብቻ አልነበረም፤ ለምላሷም ጭምር ነው።

የቀረው የሥራ ጠረጴዛውና ብረት ነክሶ የሚይዘው ሞርሳ ብቻ ነበር። እህቷን ልታስታምም ሄዳ በሳምንቱ ስትመለስ፣ ባሏና የባሏ ታላቅ ወንድም ጋራዡ በር ላይ ቆመው እንደ ሙሽራ ተቀበሏት። ታላቅየው በያጅ ነው፤ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ዘንካታ። ጠረጴዛውን ከወፍራም አንጎላሬ ብረት በይዶታል፣ አረንጓዴ ቀብቶታል፤ እሷ የገዛችውን ሞርሳም በአራት ብሎን አስሮታል። ምርቃት የሚጠብቅ ይመስል እጁን አጣምሮ ቆመ።

እሷ ግን አልመረቀችም። ሞርሳ ሲተከል ልኬቱ በሜትር አይደለም። ክርንህን አፉ ላይ ታሳርፋለህ፤ ክንድህን ወደ ላይ አጥፈህ ጭብጥህ አገጭህን ከነካ ልክህ ነው። ከፍ ካለ ትከሻህ ያልቃል፣ ዝቅ ካለ ወገብህ። ክርኗን አሳረፈች። ጭብጧ ግንባሯ ላይ ደረሰ።

«ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ያሳርፉ» አለች ቀስ ብላ።

እየሳቀ አሳረፈ። ጭብጡ አገጩ ሥር ግጥም አለ። ሳቁም እዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተዘረገፈ። ታላቅየው ብረቱን እሱ እንደሚይዘው፣ እሷ ደንበኛ እየተቀበለች ቀለም እንደምትቀባ፣ የሴት ትከሻ ለዚህ እንደማይሆን አስረዳት፤ ያውም ለእሷው አዝኖ። ባሏ ደግሞ እንደ አስታራቂ ሽማግሌ መሀል ገብቶ፣ ስትሞርድ የምትቆምበት ሳጥን ቢቀመጥላትስ አለ። ይህን ሲል ጫማውን ነበር የሚያየው። ያውቅ ነበር ማለት ነው። ደሟ የፈላው ያኔ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ አጥሩን የከፈተው ግን የገዛ ባሏ ነው።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠርሙስ ሳጥን ረግጬ በሰው ሞርሳ ሠርቻለሁ» አለች። «በገዛ ቤቴ ሳጥን አልረግጥም።»

ጠመኔ አንስታ በአራቱም የጠረጴዛው እግሮች ላይ የሚቆረጠውን ምልክት አደረገች። ታላቅየው፣ እሱ የሠራው ከተቆረጠ እዚህ ቤት ዳግም እንደማይረግጥ ተናገረ።

«እሺ ጋሼ። መሰርሰሪያዎን እንዳይረሱ።»

አልረሳም። ይዞት ወጣ።

ጠረጴዛው ከባድ ነው፤ ብቻዋን ልታጋድመው ሞክራ አቃታት። «ያዝ» አለችው ባሏን። በሩን አየ፣ እሷን አየ፣ መጥቶ ያዘ። የብረት መቁረጫው ግራይንደር መጮህ ሲጀምር አረንጓዴው ቀለም ተቃጥሎ ጋራዡን ግም አደረገው። ሁለቱንም አሳላቸው፤ ማንም አላቆመም።

ሲያቆሙት ጠረጴዛው ተንገዳገደ። አንዱን እግር በንዴት ጣት ያህል አሳጥራዋለች። ባሏ ሊስቅ ብሎ ፊቷን ሲያይ ዋጠው። ቁራጭ ላሜራ ደራርባ ሥሩ ወተፈችና ክርኗን አሳረፈች። ጭብጧ አገጯን ነካ። ብረት አስራ መሞረድ ጀመረች፤ ብረቱ የበደላት ይመስል።

ባሏ፣ ወንድሙ ተቀይሞ ከሚያድር ደውሎ ቢያባብለው ምን ይመስላታል አላት።

ሞረዱን አስቀመጠች።

«ደውልላቸው። ወርክሾፑ የማን እንደሆነ በአፍህ ንገራቸው። እዚሁ ሆነህ፣ እየሰማሁ።»

ባሏ ስልኩን አወጣ። እሷ እጇን እንኳ ሳትጠርግ፣ ጆሮዋን ሰጥታ ቆመች።