አሥራ ስድስት ደቂቃ የቀደመ ሰዓት

ፊርማው ተቀባይነት ካጣ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። የራጅ ማዕከሉ ቴክኒሻን የበሽተኞቹን ምስሎች ባዕድ ዓይን እንዳያያቸው ታመሳጥርና ወደ ክላውድ ማከማቻው ትልካለች፤ ማከማቻው ደግሞ «ፊርማው ትክክል አይደለም» እያለ ይመልስባታል። ውሃ ቅዳ፣ ውሃ መልስ። ከየፋይሉ ጋር የሚሄደው ዲጂታል ፊርማ የሚሠራበትን ሚስጥራዊ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ቀየረች። ጫፉ ላይ ባዶ ቦታ ተጣብቆበት እንደሆነ ፊደል በፊደል መረመረች። የፋይሎቹን ስም አሳጠረች። ወይ ፍንክች!

ሥራ አስኪያጁ በየጠዋቱ ሠራተኛው ሁሉ ፊት ያቆማታል። «አክስቷ ሰዓት አታውቅም፣ እሷ መፈረም አታውቅም» ይላል። «ዘር ከልጓም ይስባል!» ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ያልሳቀ ነገ ተረኛ ነውና።

አክስቷ እዚያው መዝገብ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታ፣ በሦስት የማርፈድ ማስጠንቀቂያ የተባረረችው ከሰባት ወር በፊት ነው። ያሳደገቻት እሷ ናት፤ አሁንም የሚኖሩት አንድ ቤት ነው። ያኔ ግን የእህቷ ልጅ አልራራችላትም። «እታለም፣ አሥር ደቂቃ ቀደም ብሎ መውጣት ምን ይከብዳል? አዋረድሽኝ እኮ!» አለቻት። አክስቷ «በሰዓቴ ነው የገባሁት ልጄ» ብላ ምላ ተገዝታ ነበር። ማን ይመናት? ውሎ ሲያድር እሷም ራሷን ተጠራጠረች።

ሐሙስ ዕለት ቴክኒሻኗ እስከዚያ በችኮላ ስታልፈው የከረመችውን የስህተት መልእክት እስከ ታች አነበበችው። ማከማቻው የራሱንና የላኪውን ሰዓት ጎን ለጎን ጽፎላታል። ልዩነቱ አሥራ ስድስት ደቂቃ። ፊርማው የተላከበትን ሰዓት ይይዛል፤ ከአሥራ አምስት ደቂቃ በላይ ከተዛነፈ ማከማቻው አይቀበልም።

«በሰዓት ምክንያት!» ብላ ብቻዋን ሳቀች። ፋይሎቹ የሚላኩበትን የማዕከሉን ሰርቨር ሰዓት ልታስተካክል ገብታ ማን መቼ እንደነካው የሚያሳየውን ዝርዝር ስታይ ግን ሳቋ ደረቀ። ወር በገባ ቁጥር አንድ ደቂቃ ወደ ፊት፤ አሥራ ስድስት ወር ሙሉ፤ ሁሌም በሥራ አስኪያጁ ስም። የሠራተኛውን መግቢያ በጣት አሻራ የሚመዘግበው መሣሪያም ሰዓት የሚወስደው ከዚያው ሰርቨር ነው።

የአክስቷን ማስጠንቀቂያዎች አወጣች። ሰባት ደቂቃ፤ በወሩ ስምንት፤ በወሩ ዘጠኝ። በእነዚያ ወራት ሰርቨሩ የቀደመውም ልክ ያንኑ ያህል ነው። አክስቷ አንዲት ደቂቃ አላረፈደችም።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች።

«የሰርቨሩ ሰዓት ካልተስተካከለ ፋይሎቹ አይሄዱም፣ ጋሼ።»

ቀና ብሎ አያት፤ ዓይኑን በጨው ያጠበ ነው። «ሌላ መንገድ የለም?»

ሌላ መንገድ ነበረ። የለም ለማለት አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን «አለ» የሚለው ነበር።

«እሱን አድርጊ። ሰዓቱን እንዳትነኪ። ያየሽውን ዝርዝር ደግሞ አጥፊው።» ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። «ማርጀት ማለት ማርፈድ ነው። እኔ ትንሽ አፋጠንኩት እንጂ። አክስትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት» አለች።

የመላኪያ ፕሮግራሙ ሰዓቱን ከራሱ ከማከማቻው እንዲወስድ አደረገችው። በአንድ ሰዓት ውስጥ የሦስት ሳምንቱ ፋይል ተግተልትሎ ገባ። ቀጥላ ዝርዝሩን አጠፋችው።

አመሻሽ ላይ አክስቷን የሰው ልብስ ስትተኩስ አገኘቻት፤ ከተባረረች ወዲህ የምትተዳደረው በዚሁ ነው። እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻት። አክስቷ ካውያውን አቆመች።

«አላረፈድኩም?»

«አላረፈድሽም፣ እታለም።»

«ብዬሽ ነበር።» ፊቷ ላይ ከወራት ወዲህ ያልታየ ብርሃን መጣ። «እና አስተካከልሽው?»

«አዎ።»

«ሰዓቱን?»

«ፋይሉን።»

«ማስረጃውስ?»

ቴክኒሻኗ አንገቷን ደፋች። «አጥፊው አለኝ።»

አክስቷ የተኮሰችውን ሸሚዝ አጠፈች፤ ሌላ ዘረጋች።

«እሱስ ጠላቴ ነው» አለች። «እስከ ወሩ መጨረሻ ቤት ፈልጊ።»

ልጅቷ ከጠረጴዛው ማዶ ቆማ ይቅርታ ብትል፣ እግሯ ላይ ብትወድቅ፣ አክስቷ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ልጅቷ ወሩ ሳያልቅ ከቤት ወጣች። ሁለት ጊዜ ተመልሳ በሩን አንኳኩታለች። ሁለቴም ከውስጥ «ማነው?» ተባለ፤ ሁለቴም «እኔ ነኝ» አለች፤ የካውያው እንፋሎት ድምፅ እንደ ቀድሞው ቀጠለ።