የሶፋው ትራስ

ባልቴቷ ዓይናቸው ፈዘዘ እንጂ ነገር አያመልጣቸውም። ለቤተሰብ ፎቶ የተጠራው ፎቶ አንሺ ሳሎኑ መሃል ካሜራውን ሲያቆም፣ የልጅ ልጃቸው ሚጢ ሶፋው ላይ ዘላ ወጣችና ትራስ ስባ ሆዷ ላይ ለጠፈች። ሆድ ከተባለ! የወተት ጥርሷ ገና መነቃቀል የጀመረ፣ የመጥረጊያ እንጨት የምታክል ልጅ።

"ምን ሸሸግሽ? ብስኩት ነው?" አሏት።

"ሆዴን።"

"ማን ሊሰርቅብሽ?"

"እንዳይታይ ነዋ፣ እማማ! ማሚም እንደዚህ ነው የምትቀመጠው።"

ዞር ቢሉ፣ እውነትም ልጃቸው፣ የሚጢ እናት፣ ከሶፋው ማዶ ጫፍ ትራስ ታቅፋለች። ስንት ዘመኗ! ቤት ትራስ፣ ታክሲ ውስጥ ቦርሳ፣ መሥሪያ ቤት ፋይል። ሰው ሁሉ አመል ነው ብሎ ትቶታል፤ እሳቸው ግን ከየት እንደመጣ አሳምረው ያውቃሉ። ያኔ ልጃቸው ጡቷ ሲያጎጠጉጥ፣ ያቺ አፏ ክዳን የሌለው አክስቷ እንግዳ ፊት ጎኗን ቆንጥጣ፣ "ለዚችስ በሩን ማስፋት ሊኖርብን ነው!" አለች። ቤቱ በሙሉ አውካካ። ልጅቷም አብራ ሳቀች፤ እየሳቀች ትራስ አነሳች። አክስት ተብዬዋ በነጋታው ረስታዋለች፤ ትራሱ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልወረደም። አሁን ደግሞ ለሚጢ ሊተርፍ!

"አንቺ፣ ትራሱን አስቀምጪ" አሉ ልጃቸውን።

"ተይኝ በናትሽ እማዬ፣ ቦርጬ ፎቶ ያበላሻል።"

"እኔን ተይኝና ያችን እያት።"

እናት ሚጢን አየች። ደነገጠች። "ሚጢዬ፣ አንቺ እኮ ቀጭን ነሽ፤ ምን ያስደብቅሻል? አስቀምጪው።"

ሚጢ አሰብ አደረገች። "ስወፍርስ?"

ትራሱን ይብስ አጥብቃ ያዘችው። እናትም የራሷን ትራስ ጠበቅ አደረገች።

"መልሺላት እንጂ!" አሉ ባልቴቷ። "ምላስሽንም ታቀፍሽው?"

እናት የታቀፈችውን ቁልቁል አየችው። ከዚያ አንስታ ከሶፋው ጀርባ ወረወረችው። "ብትወፍሪም፣ ብትቀጥኚም" አለች፣ "ቦታሽ እዚህ፣ ከእኔ ጎን ነው። ነይ።"

የሚጢም ትራስ ተከትሎ በረረ።

"ትንፋሽሽን ልቀቂ እንግዲህ፣ ልትፈነጂ ነው" አሉ ባልቴቷ ልጃቸውን በክርናቸው ጎሸም አድርገው። እናት ሳቀች፤ ሆዷም እንደ ልቡ ወጣ። ሚጢ ይህን አይታ የሌላትን ሆድ ባለ በሌለ ኃይሏ ነፋች። "የኔ ይበልጣል!"

"ዝግጁ ናችሁ?" አለ ፎቶ አንሺው።

"እኛማ ሞልተን ተርፈናል" አሉ ባልቴቷ ሆዳቸውን መታ መታ እያደረጉ። "አንተ ይልቅ ካሜራህ ይበቃን እንደሆነ እይ።"