የቤዚ ጊታርና የእኔ ሞት

ከወንደሰን ጋር ከተኳረፍን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ሶዶ ውስጥ እንደ እሱ ያለ ሬዲዮ ጠጋኝ የለም፤ ይህን ጠላቱም ይመሰክራል፣ እኔም እመሰክራለሁ። ሠላሳ ዓመት አብረን በልተን ጠጥተናል። ያጣላን ስቴሪዮዬ ነው። ሰው ቴፕ ይለዋል። ቴፕ አይደለም፤ በወጣትነቴ ደመወዜን አጠራቅሜ የገዛሁት፣ ግራና ቀኝ ወገብ የሚደርስ ድምፅ ማጉያ ያለው ስቴሪዮ ነው። ወንደሰን አንድ ቀን ከፍቶ አየውና በባለቤቴ በጣፈጠች ፊት፣ "ገብሬ፣ ይሄ ዕቃ ዕድሜውን ጨርሷል፤ ለቆራሌው ስጠው" አለኝ። ከቤቴ አስወጣሁት።

ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንተያይ አንዳችን ወደ ጎን እንታጠፋለን። እሱማ አንድ ቀን እኔን ሲሸሽ የሴቶች ፀጉር ቤት ገብቷል አሉ። እውነቱን ልናገር፣ ናፍቆኛል። ግን ማን ይቅደም? እልህ ምላጭ ያስውጣል።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ቤዚ የኤሌክትሪክ ጊታር ይዛ ከች አለች። ብትመታው ብትመታው ከትንኝ የማይሻል ድምፅ ነው ያለው። ማጉያ ይፈልጋል፣ የአንተ ስቴሪዮ ይበቃዋል አለችኝ። እሺ አልኩ። ጋሽ ወንደሰንን ልጥራው ስትለኝ ግን ከሚነካው ብሞት ይሻለኛል አልኳት።

የጊታሩ ገመድ ጫፍ ወፍራም፣ የስቴሪዮው ቀዳዳ ቀጭን ሆነብን፤ ቤዚ ከገበያ መቀየሪያ ገዝታ መጣች። ከኋላ ካሉት ቀዳዳዎች ለሸክላ ማጫወቻ የተሠራው ባዶ ስለነበር እዚያ ሰካሁት። ድምፅ የለም። ጨመርኩ፤ የለም። እስከ መጨረሻው አዞርኩት፤ እሷም የጊታሩን ማዞሪያ ሁሉ እስከ ጥግ ወሰደችው። ዝም። ወንደሰን እውነቱን ይሆን እንዴ ብዬ ላብ አጠመቀኝ። በኋላ ነው ፍሪጁም ዝም ማለቱን ልብ ያልኩት። ለካ መብራት ሄዷል። የስቴሪዮው የፊት መብራት ከተቃጠለ ዓመታት ስላለፉት በምን እንወቅ?

መብራት ሲመጣ እንቀጥላለን ብለን ተውነው። ቤዚ ጊታሯን ድምፅ ማጉያው ላይ አስደግፋ ጓደኛዋ ጋ ሄደች። ጣፈጠች እህቷን ልትጠይቅ ቦዲቲ ነች። እኔም በሩን ስቤ ፀጉሬን ልቆረጥ ወጣሁ። በራችን ሲሳብ ራሱን የሚቆልፍ ስለሆነ ከውጭ ለሚያየው ውስጥ ሰው ያለ ይመስላል። ስቴሪዮውን ለማጥፋት ማናችንም አላሰብንም። የጠፋ ነገር ማን ያጠፋል?

ፀጉር ቤት ወረፋ ስጠብቅ መብራት መጣ፤ ማሽኑ ሲያጉረመርም ደስ አለኝ። ተቆርጬ፣ አልኮል አልኮል እየሸተትኩ በባጃጅ ስመለስ፣ ከሠፈራችን በኩል የጥሩምባ ድምፅ ሰማሁ። ረጅም ነው፣ ትንፋሽ የሚባል አያውቅም። እኔ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ፤ ጥሩምባ ነፊያችንን አውቀዋለሁ፣ በየመሀሉ ያስለዋል። ዛሬ ሳንባ ገዝቷል አልኩ።

ቅያሳችን ስገባ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ወጣቶች የድንኳኑን ብረት ተሸክመዋል። እኔም እንደ ደንቡ አንገቴን ደፍቼ ተቀላቀልኩና፣ ከፊቴ የቆሙትን ዓይነ ደካማ ጎረቤታችንን አቶ ኤርሳዶን ማን እንዳረፈ በሹክሹክታ ጠየቅኋቸው።

"ጋሽ ገብረማርያም" አሉኝ ዞር ሳይሉ። "ብቻቸውን፣ ቤት ውስጥ ቆልፈው። ቢጠሯቸው አይመልሱም። ደም ብዛት ነበረባቸው አሉ።"

"ነፍስ ይማር" አልኩ። የገባኝ ከአፌ ካመለጠ በኋላ ነው።

ሰዎቹን እየገፋሁ ወደ ፊት ሄድኩ። ጥሩምባ ያልነው ጩኸት የሚወጣው ከእኔ ሳሎን ነው። ጊታሩ ከድምፅ ማጉያው ጋር ተፋጥጦ፣ የገዛ ድምፁ እየተመለሰበት ብቻውን ያላዝናል። በሬ ላይ ደግሞ አንድ ሰው ትከሻውን አስደግፎ ሊሰብረው ይታገላል። ወንደሰን ነው። ዕንባው ጢሙ ላይ ወርዷል።

"ገብሬ፣ ክፈትልኝ። ወንድሜን እንዳኮረፍኩ ልቅበር?" ይላል። "ዕቃህ ደህና ነው። ዋሽቼ ነው፣ ደህና ነው።"

አልዋሽም፤ ትንሽ እንዲያለቅስ ተውኩት። ሁለት ዓመት ቀላል አይደለም። ግን በሩ ሲንቋቋ፣ እኔስ ለእሱ በር እሰብር ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። መልሱን አልወደድኩትም። አፈርኩ።

"ወንዴ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው" አልኩት።

ዞረ። ከኋላዬ ጎረቤታችን ቦሼ ጮኻ ሮጠች። ወንደሰን አዲስ የተቆረጠውን ፀጉሬን አየ፣ ከዚያ ጫማዬን አየ፣ ከዚያ ጎድን አጥንቴ እስኪነቃነቅ አቀፈኝ። ሲለቀኝ ሰደበኝ። ስድቡን እዚህ አልጽፈውም።

ስንገባ መጀመሪያ ሶኬቱን ነቀለ። ሠፈሩ ሁሉ ጸጥ አለ። ጎንበስ ብሎ ከኋላ አየና፣ ድምፅ አብዝቶ የሚያጎላው፣ ለሸክላ የተሠራው ላይ መሰካቴን ጠየቀኝ። አዎ አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሽማግሌ ብትልክብኝ ምን ነበረበት አለኝ። አንተስ አልኩት። መፍቻ አወጣ፤ ዕንባው ዓይኑን ስለጋረደው ብሎኑን ማግኘት አቃተው። ተቀብዬው እኔ ፈታሁለት።

አቶ ኤርሳዶ በበሩ ብቅ ብለው፣ እንግዲህ ድንኳኑ ይመለስ ወይ ሲሉ ጠየቁ።

ወንደሰን ከስቴሪዮው ቀና ሳይል፣ "ቆዩ፣ እኔ ገና አልቅሼ አልጨረስኩም" አለ።