እሳት አንዳጁ መስፍን

በሞክሮሺን ግንብ መግቢያ ላይ አንድ ትልቅ የእንጨት ሣጥን አለ። ከጫማ በላይ የሚጠለቁ ወፍራም የሱፍ ሸበጦች ታጭቀውበታል። ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው፣ ሚኒስትርም ይሁን ጳጳስ፣ ሸበጥ ሳያጠልቅ ወለሉን አይረግጥም። ይህን ሕግ የምታስከብረው አስጎብኚዋ ክቬታ ቫቭሮቫ ናት። ሕጉ ለወለሉ ታስቦ የወጣ ነው ትላለች፤ ሰፈሩ ግን ለክቬታ ወገብ ታስቦ እንደወጣ ያውቃል። ጎብኚው ከፍሎ ይገባል፣ ከአዳራሽ አዳራሽ እየተንሸራተተ ጣውላውን መስታወት እስኪመስል ይወለውልላታል፣ ሲወጣም አመስግኗት ይሄዳል። እንዲህ ያለ የቤት ሠራተኛ ከየት ይገኛል?

መንግሥት ግንቡን ለጥንት ባለቤቶቹ መልሶ፣ ወራሹ ማክሲሚሊያን ትራወንፌልድ ከቪየና የመጣ ዕለትም ክቬታ በሩ ላይ ቆማ ጥንድ ሸበጥ ዘረጋችለት።

«ሸበጥ፣ ጌታዬ።»

«እኔ እኮ የቤቱ ባለቤት ነኝ።»

«እንግዲያማ ለወለሉ ከማንም በላይ ሊያዝኑለት የሚገባዎ እርስዎ ነዎት።»

«ኧረ እመቤቴን፣ እውነትሽን ነው ልጄ!» አለና አጠለቀ።

ክቬታ ከሱ በሰባት ዓመት ትበልጣለች። ማክሲሚሊያን ሃምሳውን ያለፈ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ያገሩን ቋንቋ ግን የተማረው ከሞክሮሺን ከቤተሰቡ ጋር ከተሰደደች አሮጊት ሞግዚት ስለሆነ፣ አፉን ሲከፍት መቁጠሪያዋን ይዛ በረንዳ ላይ የተቀመጠች ባልቴት ይመስላል። ሞግዚቷ ጸሎቱንም፣ ተረቱንም፣ እያንዳንዱ ስም በዓመት አንዴ የሚከበርበትን የስም ቀንም አንድ ሳታስቀር አስጠንታዋለች። ሁለት ታላላቅ ወንድሞች አሉት። እነሱም ጣሪያው እንደሚያፈስ የሰሙ ዕለት ርስቱን በፍጹም ፍቅር ለታናሻቸው ለቀውለታል።

ክቬታ ለዚያ ቀን ያዘጋጀችው ንግግር ጨዋ ነበር፤ የባላባቶቹን ደግነት እያነሳ የሚሄድ፣ ሰውን የሚያስተኛ። ሰውየው ግን ገና ደረጃውን ሳይጨርሱ፣ «በሩ ላይ ያለችው ክፍልሽ ውስጥ ዕድሜ ልክሽን ኑሪ፣ ማን ይነካሻል» ሲላት ደስታው ጨዋነቷን ሁሉ አስጣላት። ወደ ድሮው ወሬዋ ተመለሰች።

«ግንቡን የሠራው ባላባት ቦሁስላቭ ነው» አለች። «እንግዳ ተቀባይ ሰው ነበር። በዚህ መንገድ የሚያልፍ ነጋዴ ሁሉ ሳይወድ በግዱ እዚህ ያድር ነበር። ጠዋት ሲሄድ ጭነቱ ቀሎለት ነው።»

«ሽፍታ ነበር ማለትሽ ነው?»

«እንዲህ ያለ ቃል እዚህ ቤት አይነገርም፣ ጌታዬ። ሽፍታ የሚባለው ጫካ ያለው ነው። ግንብ ካለው ባላባት ነው።»

ማክሲሚሊያን ሳቀ፤ ሳቁን ሳይጨርስም አስነጠሰው።

«ከሱ በኋላ ከስፔን የመጣ ጄኔራል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ደሞዙን መክፈል ቢያቅታቸው ግንቡን ሰጡት። ሰውየው ብርድ ሲፈራ ለጉድ ነው፤ ካባውን ሳያወልቅ ይበላል፣ ሳያወልቅ ይተኛል። አንድ የግንቦት ቀን ፀሐይ ወጣችልኝ ብሎ አወለቀው፤ በሳምንቱ ተቀበረ። ከዚያ የእርስዎ ዘር መጣና መበለቲቱን አገባ። ሴትዮዋን ለፍቅር፣ ግንቡን ደግሞ... እሱንም ለፍቅር። ከዘሩ አንዱ መስፍን ሊዮፖልድ ነው፣ ለውሾቹ ቲያትር ቤት ያሠራው።»

«ውሾቹ ይተውኑ ነበር?»

«ተመልካቾቹ እነሱ ነበሩ። ጨዋታው ካልጣማቸው ተዋናዩን ይነክሱታል። ከዓለም ጦርነቱ በኋላ ደግሞ ቤተሰብዎ ሲሰደድ ግንቡ ለገበሬዎች ማኅበር ተሰጠ፣ በዳንስ አዳራሹ ዝይ ረባበት። ከባለቤቶቹ ሁሉ ወለሉን ያበላሹት ዝይዎቹ ናቸው፤ ለሰፈሩ የጠቀሙትም እነሱ ብቻ ናቸው።»

እንዲህ እየተሳሳቁ ከሥዕሎቹ አዳራሽ ደረሱ። የትራወንፌልድ መሳፍንት በግድግዳው ላይ ተሰልፈዋል። ሁሉም ነጫጭ፣ ሁሉም ቀጫጭን፣ የሁሉም አፍንጫ የሸሚዝ ቁልፍ ታህላለች። መጨረሻ ላይ ብቻ መስፍን ሂኔክ አለ፤ ፊቱ የቀላ፣ አፍንጫው እንደ ድንች የተድበለበለና ወደ ግራ የተንጋደደ።

የዚህ ሥዕል ነገር እንዲህ ነው። በዝይዎቹ ዘመን የመስፍን ሂኔክ ሥዕል የዝይ ቤቱን መስኮት ደፍኖ ሲኖር ዝናቡ ፊቱን አጥቦ ወስዶት ነበር። ግንቡ ለጎብኚ ይከፈት ሲባል ሥዕሉን እንዲያድስ ከወረዳው አንድ ሰዓሊ ተላከ። ጊዜው ክረምት ነው፤ በግንቡ ውስጥ የሞቀ ክፍል ቢኖር የማሞቂያው ምድጃ ያለበት ምድር ቤት ብቻ ነው። እዚያ ከሰል የሚያነደው የክቬታ ባል ያሮስላቭ ቫቭራ ነበር (በዚያ አገር የቫቭራ ሚስት ቫቭሮቫ ትባላለች)፤ ሰፈሩ ያራ ይለዋል። ሰዓሊው ሥዕሉን እምድጃው አጠገብ አቆመ፣ መስፍኑ ምን ይመስል እንደነበር የሚነግረው ሰው ቢያጣ ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው ሣለ። ከአንገት በታች መስፍን፣ ከአንገት በላይ ያራ ሆነ። ሰፈሩ አይቶ ሆዱን ይዞ ሳቀና አፉን ዘጋ፤ አንድም ሰው ለባዳ አልተነፈሰም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያራ ሞተ። ፎቶ አንሺ ባየ ቁጥር ያስነጥሰው ስለነበር በሠርጉ ፎቶ ላይ እንኳ በፊቱ ቦታ ያለው መሐረብ ነው። ክቬታ የባሏን ፊት ማየት ስትፈልግ ያላት ይህ ሥዕል ብቻ ነው። ጎብኚ ባመጣች ቁጥር እፊቱ ትቆምና ስለ መስፍን ሂኔክ ታወራለች፤ በካርታ ጨዋታ እንደሚያጭበረብር፣ ሾርባ ሲጠጣ እንደሚያፏጭ፣ ዝይ እንደሚፈራ፣ ሚስቱ ስትቆጣው ከምድር ቤት ገብቶ እንደሚደበቅ። ሁሉም የያራ ነው። ስለ እውነተኛው ሂኔክ የምታውቀው ነገር የለም፤ ማወቅም አልፈለገችም።

ለማክሲሚሊያንም ይህንኑ ነገረችው። በዝይው ላይ እየሳቀ ሳለ ቀና ብሎ ሥዕሉን አየና ሳቁ ቆመ። ወደ ፊት ሊራመድ ሲል ሸበጡ አንሸራቶት እግድግዳው ሥር አደረሰው። እዚያው እንደቆመ እጁን አንስቶ አፍንጫውን ያዘ።

«የኔ ነው» አለ።

ክቬታም አየች። ድንቹም፣ ወደ ግራ መንጋደዱም ያው ነው። እስካሁን ያላየችው ሰውየውን እንደ ጌታ እንጂ እንደ ሰው ስላላየችው ነው።

«ልጅ ሆኜ ወንድሞቼ ‹አንተን ከየት አመጡህ?› ይሉኝ ነበር» አለ ማክሲሚሊያን። «በቤታችን እንዲህ ያለ አፍንጫ ያለው ሰው አልነበረም። አባቴ በፎቶ ጊዜ ዳር ያቆሙኝ ነበር። አየሽ ልጄ? ይኸው አያቴ! ይኸው የኔ ሰው!» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ረቡዕ በመኪና እመጣለሁ። ሌላው ሁሉ እዚሁ ይቀመጥ፤ እሱን ግን ቪየና ወስጄ ከመኝታዬ ፊት እሰቅለዋለሁ።»

ክቬታ ሁለቱንም መዘነች። ባሌ ነው ብትል የሰውየውን ደስታ መቀማት ነው፤ ዓመታት ሙሉ እሳት አንዳጅን መስፍን ብላ ስታስጎበኝ መኖሯም ይወጣል፣ ክፍሏም ቃሉም ይቀራል። ዝም ብትል ያራ ሁለተኛ ሊሞትባት ነው። «እሺ ጌታዬ» አለች። 

ረቡዕ ደረሰ። ቀኑ ደግሞ የያሮስላቭ የስም ቀን ነበር። በዚያ አገር ልደቱ የሚረሳበት ሰው ይኖራል፣ የስም ቀኑ የሚረሳበት ግን የለም፤ የሞተም ቢሆን። ሰፈሩ በያመቱ በዚያ ቀን የፕሪም አረቄ ይዞ፣ ሸበጡን አጥልቆ፣ እሥዕሉ ሥር ይሰበሰባል። ክቬታ እንግዳው ከሰዓት በኋላ ይመጣል ብላ ገምታ ነበር። እሱ ግን እንቅልፍ አጥቶ ኖሮ፣ መጠቅለያ ብርድ ልብሱን በክንዱ ይዞ ገና በጠዋቱ ከተፍ አለ። የደረሰውም የመጠጥ ቤቱ ጌታ ሉቦሽ ብርጭቆውን ወደ ሥዕሉ ከፍ አድርጎ፣ «እንኳን ለስምህ ቀን አደረሰህ፣ አንተ ካርታ ሌባ!» ሲል ነው።

ሁሉም እንግዳውን አይቶ ደነገጠ። ማክሲሚሊያን ግን ፊቱ በራ።

«የናንተ ደግነት! እስከዛሬ ታስታውሱታላችሁ?» አለና አንድ ብርጭቆ ተቀበለ። ከንፈሩ ጋ አድርሶ ቆም አለ። «ቆዩኝማ ልጆቼ... የሂኔክ ቀን በየካቲት መጀመሪያ አይደለም እንዴ? ዛሬ እኮ ያሮስላቭ ነው።»

«መስፍኑ ሁለት ስም ነበራቸው» አለ ሉቦሽ ፈጥኖ።

«የካቲት ብርድ ነው፣ ወደ ሚያዝያ አዛወርነው» አለ ሌላው።

«ምነው አንዳችሁ እንኳ ደህና አድርጋችሁ ብትዋሹ!» አለች ክቬታ። «ይበቃል። ጌታዬ፣ ይህ ሰው ሂኔክ አይደለም። ያሮስላቭ ቫቭራ ይባላል፣ ባሌ ነው። ይህን ቤት በከሰል ሲያሞቅ ኖሮ የሞተ እሳት አንዳጅ ነው። መልኩን የማይበት ሌላ ነገር የለኝም። ከዚህ ቤት ያስወጡኝ፣ ይክሰሱኝ፣ የፈለጉትን ያድርጉ፤ እሱን ግን አይውሰዱብኝ።» አለችና አለቀሰች።

ማክሲሚሊያን ብርድ ልብሱ ከክንዱ ወደቀበት። ሄዶ በገመድ በታጠረው፣ ጎብኚ እንዳይነካው ማስታወቂያ በተለጠፈበት የመስፍን ሊዮፖልድ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ክቬታ በዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ወንበር የተቀመጠን ሰው አላስነሳችም።

«ታዲያ አፍንጫዬ?» አለ።

 ሽማግሌዎቹ ጣሪያውን ያዩ ጀመር። ጣሪያው ያው ያፈሳል፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። በመጨረሻ እማማ ፍራንቲሽካ፣ በልጅነታቸው የግንቡን ልብስ ሲያጥቡ የነበሩት፣ ጆሯቸው ስለሚከብድ ያንሾካሾኩ መስሏቸው አዳራሹን የሚሞላ ድምፅ አወጡ።

«ያራ እኮ አፍንጫውን የወረሰው ካባቱ ነው። ሽማግሌው ቫቭራም እዚሁ ቤት እሳት አንዳጅ ነበር። ያኔ ምድጃው የሚነደው ከክፍሉ ጀርባ ነው፤ አንዳጆቹ በግድግዳው ውስጥ ባለ ጠባብ መተላለፊያ ይሄዱ ነበር፣ ማን የት እንደገባ አይታይም።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፣ ልጄ። መስፍኑ አባትህ አደን ሲሄዱ፣ የእመቤቲቱ ምድጃ በሐምሌ ሙቀትም ይነድ ነበር።»

«ሽማግሌው ቫቭራ?» ክቬታ እንባዋን ረሳችው። «አማቴ? ያ ሳያስቀድስ እህል የማይቀምሰው?»

«በማግስቱ ያስቀድስ ነበር» አሉ እማማ ፍራንቲሽካ።

«እኔ የተወለድኩት በሚያዝያ ነው» አለ ማክሲሚሊያን ቀስ ብሎ።

ሰፈሩ ሁሉ ከሐምሌ እስከ ሚያዝያ በጣቱ መቁጠር ጀመረ፤ ሉቦሽ ብርጭቆውን አስቀምጦ በሁለት እጁ ቆጠረ። ቆጥረው ሲጨርሱ ባርኔጣ ያደረገ ሁሉ ባርኔጣውን አወለቀ። ለመስፍን ይሁን ለእሳት አንዳጅ፣ ያወለቁትም አላወቁም።

ማክሲሚሊያን እወንበሩ ላይ እንዳለ ትከሻው ይርገፈገፍ ጀመር። ያለቀሰ መስሏቸው ደነገጡ። እየሳቀ ነበር። ሳቀ፣ ሳቀ፣ ከዚያ አስነጠሰው፤ ሲያስነጥስ ክቬታ ወደ ሥዕሉ ዞረች። ያን ቀን ልብ አላለችውም እንጂ፣ ያንን ማስነጠስ ከያራ በቀር ከማንም ሰምታ አታውቅም።

«እንግዲያው ወንድሜ ነው» አለ ማክሲሚሊያን። ተነስቶ ብርድ ልብሱን አጣጠፈና ለክቬታ ሰጣት። «ቪየና ምን ይሠራል? እሱ ያሞቀው ቤት ይህ ነው። እዚሁ ይሁን።» ብርጭቆውን ወደ ሥዕሉ አንስቶ ጨለጠ። ከዚያ በዚያ የባልቴት አነጋገሩ፣ እንደ ልጅ ተለሳልሶ ጠየቃት። «ምን ዓይነት ሰው ነበር? አላገኘሁትማ። አንድ ነገር እንኳ አላውቅለትም።»

«ሁሉንም ያውቁታል» አለች ክቬታ። «ያን ቀን ነግሬዎታለሁ እኮ። ካርታውን፣ ሾርባውን፣ ዝይዎቹን። ስቀውበታል።»

ሰውየው አፍንጫውን ነካ፣ ቀና ብሎ ሥዕሉን አየ።

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለ። «አሁን በደንብ ልስማው።»

ክቬታ ዓይኗን በብርድ ልብሱ ጠረገች። ወደ እግሩ ስታይ በችኮላ ሸበጥ ሳያጠልቅበት የገባበት ጫማ ጭቃውን እስከ ወንበሩ ድረስ በጣውላው ላይ አትሞበታል።

«በመጀመሪያ» አለች፣ «ውጣና ሸበጥህን አጥልቀህ ና።»