ምን በልተሽ ነው?

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «ሜትር» ይላታል፤ መለኪያው ከአንገቷ አይወርድማ። የጡት ካንሰር ተገኝቶባት የመጀመሪያውን መድኃኒት ከወሰደች ወዲህ ግን የሰው ሁሉ ሰላምታ «ምን በልተሽ ነው?» ሆኗል። «እግዜር ይማርሽ» የሚል ጠፋ። አንዱ ስኳር ነው ይላል፣ አንዱ ወተት፣ አንዱ ሥጋ። ሰው እንዴት በታመመ ሰው ላይ ዳኛ ሆኖ ይሰየማል?

የባሰችው ደግሞ የገዛ ታላቅ እህቷ ናት። ላስታምም ብላ መጥታ ማቀዝቀዣውን ወረሰችው። ከስልኳ ለቃቅማ የጻፈችውን የክልክል ዝርዝር በሩ ላይ ለጠፈች፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ስኳር። የተረፈው የጎመን ጭማቂ ነው። ሜትር «ለእኔው ብላ ነው» እያለች ሦስት ሳምንት ሙሉ እሱን ጠጣች።

ዛሬ ጠዋት ለሁለተኛው መድኃኒት ስትሄድ አንጋፋዋ ሐኪም ሚዛኑንና የደም ውጤቱን አይታ ራሷን ነቀነቀች።

«ስድስት ኪሎ ቀንሰሻል። በዚህ አቅምሽ መድኃኒቱን አልሰጥሽም። ማነው ምግብ የከለከለሽ?»

«ያመጣብሽ ምግብ ነው ብለውኝ።»

«ማን አይቶ? መጠጥና የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚመጣ ውፍረት አደጋውን ይጨምራሉ። አትክልትና ጥራጥሬ ሊቀንሱት ይችላሉ የሚሉ ጥናቶችም አሉ። ይቺ ሴት በዚህ ሳህን ታመመች ብሎ የሚፈርድ ጥናት ግን የለም። አሁን ብዪ! በሳምንቱ ካላገገምሽ እንደገና ይራዘማል።»

ሜትር ደሟ እየፈላ፣ በመንገዷ እንቁላል ገዝታ ቤቷ ገባች። እህቷ የጭማቂውን ብርጭቆ ይዛ ጠበቀቻት።

«እቴቴ፣ መድኃኒቱን ከለከሉኝ። ያንቺ ዝርዝር ነው ያስከለከለኝ።»

«ላድንሽ ብዬ እኮ ነው! ድሮውንም አፍሽን ብትሰበስቢ ኖሮ…»

የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ቅቤውም ቢሆን ተከልክሏል። ሜትር ወረቀቱን ቦጭቃ ጣለችው።

«ከአንድ ሳህን በልተን አይደል ያደግነው? ታዲያ ለምን እኔ ብቻ ታመምኩ? ንገሪኛ!»

እህቷ ብርጭቆውን ልታስቀምጥ ዞር ስትል ሜትር ቀሚሷን አየችው። ራሷ ናት የሰፋችላት፤ ወገቡን ሰማንያ አድርጋ ነበር። አሁን ሰፍቷት በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። መለኪያውን ከአንገቷ አውርዳ የእህቷ ወገብ ላይ ጠመጠመችው። ሰባ አንድ።

«አንቺም አትበዪም እንዴ?»

የእህቷ እንባ ዱብ ዱብ አለ። «ያመጣብሽ ምግብ ከሆነ… እኔ ካልበላሁ ያልፈኛል ብዬ። ፈርቼ ነው።»

«ተመርምረሻል?»

«አልደፈርኩም።»

ሜትር እንባዋን ጠረገችላት፤ ንዴቷ ግን አልበረደም። ለካ ያ ሁሉ ሰው «ምን በልተሽ ነው?» የሚላት «እኔ ስላልበላሁት አልታመምም» ብሎ እንቅልፉን ለመተኛት ነው! የራሱን ፍርሃት የሚያስታምመው በእሷ ቁስል ነው!

አራት እንቁላል ሰብራ ጠበሰችና ሁለት ሳህን አቀረበች።

«ብዪ። ነገ አብረን ሄደን ትመረመሪያለሽ።»

«ቢገኝብኝስ?»

ሜትር ሹካውን አቀበለቻት።

«ቢገኝብሽ፣ እኔ ምን በልተሽ ነው አልልሽም።»